ተመዝግበዋል፤ እናመሰግናለን

ነይ እቴ ደስታነሽ፣ እዚህ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጪ። ሽሮው እየመጣ ነው። ቡሬስ ዝናብ ጣለላችሁ? እኛ ፍኖተ ሰላም ዶፉን አልቻልነውም... ዞር አትበይ፤ ከኋላሽ ሰው ምሳውን እየበላ ነው። ይብላ፣ ብዙ የደከመ ሰው ነው።

ስም መጥራት አልወድም። ግን መሥሪያ ቤታችን እንዴት ያለ ሸጋ ልጅ እንዳገኘ ሰምተሻል? የበቆሎ ምርጥ ዘር ምዝገባውን ኮምፒውተር ላይ ያወጣልን እኮ! እኔ የገበሬውን ስም ጽፌ ስጫን «ተመዝግበዋል፤ እናመሰግናለን» ይላል፣ በአረንጓዴ። የሌላ ሰው ፕሮግራም «አልቻልኩም» እያለ በቀይ ያስደነግጣል። የሱ? ተሳስቻለሁ ብሎ አያውቅም! ግምገማ ላይ ያ ሁሉ ጭብጨባ፣ ሞዴል ሠራተኛ መባሉ... ይነሰው እንዴ?

ኋላ ዘሩ ሲመጣ የሽንዲ ገበሬ ግማሹ ዝርዝሩ ላይ የለም። አባቴም የሉበትም! በገዛ እጄ የመዘገብኳቸው አባቴ! ማሳቸውን አለስልሰው፣ ሰኔ ገብቶ፣ ባዶ መሬት እያዩ ተቀምጠዋል። «ልጄ፣ መዝግቤዎታለሁ ብለሽኝ አልነበር?» አሉኝ።

ከባሕር ዳር የመጣው ባለሙያ ኮዱን ሲከፍተው ምን ቢያገኝ ጥሩ ነው? ስሙ ሁሉ የሚከማችበት ሰርቨር ከሞላ ሰንብቷል፤ አዲስ ስም አይቀበልም። በየምዝገባው «አላስቀመጥኩም!» ብሎ ይጮኻል። ጩኸቱ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ የሚጻፍበት ቦታ ኮዱ ውስጥ አለ አሉ፤ ለመዝጋቢዋ ንገር፣ ሥራውን አቁም፣ እንዲህ እንዲህ። የኛው ሸጋ ባዶውን ትቶታል። ጩኸቱን ተቀብሎ ዋጥ ያደርግና ያመሰግናል። ከዚህ በላይ ጨዋነት አለ? ባለሙያው ያንን ባዶ ቦታ ሞልቶ አንድ ስም ቢሞክር ቀዩ ጽሑፍ ዱብ አለ። ለእኔና ለዚያ ሸጋ ብቻ አሳይቶን አውቶቡሱን ተሳፈረ።

ስብሰባ ላይ ታዲያ «ጥፋቱ የመዝጋቢዋ ነው» ተባለ። የሚያውቀው ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ጥፍሩን ያያል። እንዴት ያለ ትሑት ነው! ሰው ሲወነጀል ጣልቃ አይገባም። ሰኞ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት የምቆመው እኔ ነኝ። እንጀራዬን ባጣ እሱ ምን አገባው? እሱን ማን ጠየቀው?

ውይ... የኋላሽ ሰውዬ ጉርሻው ጉሮሮው ላይ ቀረበት መሰለኝ። ውኃ ስጡት እናንተ!

ሚስቱም ልትወልድ ደርሳለች አሉ። እሰይ! ቂም የለኝም፣ እግዜርን። ማርያም በሰላም ታገላግላት። ሌሊት የማያስነሳው፣ ቢርበው የማያለቅስ፣ ትኩሳት ቢያቃጥለው እንኳ ድምፁን የማያሰማ፣ ጎንበስ ብሎ ባየው ቁጥር ፈገግ የሚልለት ጨዋ ልጅ ይስጠው። አሜን በይ እንጂ፣ ደስታነሽ!