አምስት ባነር በአንድ ኮት

ክቡራትና ክቡራን! እንዲህ ብለሽ ጀምሪ ያለኝ አታሚያችን ዘካሪያ ነው። እኔማ "ልጆች" ብዬ ልጀምር ነበር።

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ድግስ ለደገሰልኝ ለፎቶ ቤታችን ባለቤት ለአቶ ማቲዎስ፣ ሥራ ዘግታችሁ ለዋላችሁልኝ ባልደረቦቼ፣ ከሰኞ ገበያም ከኮምቦልቻም ለመጣችሁ ደንበኞቻችን ውለታችሁን ፈጣሪ ይክፈልልኝ። ይህን ያህል ሰው የሚሰበሰብልኝ ቀብሬ ላይ ነው ብዬ ነበር። በቁሜ ስላየኋችሁ ደስ ብሎኛል።

ለማታውቁኝ፣ ወርቅነሽ እባላለሁ። በዚህ ፎቶ ቤት ስኖር ካሜራ ነክቼ አላውቅም። የኔ ሥራ ከካሜራው በፊት ያለው ነው፤ መስታወቱ፣ ማበጠሪያው፣ ከረባቱና ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ጥቁር ሰማያዊ ኮት። ለመታወቂያም ለፓስፖርትም የመጣ ወንድ ሁሉ ያን ኮት ለብሶ ነው የተነሣው። እስቲ እዚህ ካላችሁት ያልለበሰ እጁን ያውጣ! አያችሁ?

የደሴ ብርድ ጉልበቴን ጨረሰው፤ ኮምቦልቻ ልጄ ዘንድ ልወርድ ነው። ግን ስለ አቢጌል ሳልናገር አልወርድም። አቢጌል፣ አንገትሽን አትድፊ፤ ሌላውን ሰው ስንቴ "ቀና ይበሉ" ብለሻል፣ አንቺም ቀና በይ።

አቢጌል ፎቶ አንሺ ሆና ስትመጣ "ብራንዲንግ" የሚሉትን ነገር ይዛ መጣች። "ምንድነው ልጄ?" አልኳት። "እትዬ፣ ሰው ዳቦውን ሲገዛ ጋጋሪውንም ይወቀው ማለት ነው" አለችኝ። "ደሴ ላይ ጋጋሪውን የማያውቅ ማነው?" ብላት ሳቀች። 

አምና ኮምቦልቻ ላይ የአነስተኛ ነጋዴዎች ባዛር ሊከፈት ሆነና ነጋዴዎቹ ፎቷቸው ያለበት ባነር ሊያሠሩ ወደኛ መጡ። አቢጌል ለሁሉም አንድ ነገር ነው የነገረቻቸው፦ "የምትሠሩበትን ልብስ ለብሳችሁ፣ የምትሠሩበትን ዕቃ ይዛችሁ ኑ።" ማን ይስማት? መካኒኩ ቱታውን በፌስታል ጠቅልሎ መጣና "በዚህማ ባነር ላይ ልወጣ? አማቶቼ ያዩኛል!" አለ። ዐይኑ ኮቱ ላይ ነው። ጋጋሪውም እንደዚያው፣ አናጢውም እንደዚያው። ከቢስቲማ የመጣችው ማር ነጋዴ ሥርጉት እንኳ በቀሚሷ ላይ ደረበችው። አቢጌል ለመነች፣ አስረዳች፣ እምቢ አሏት። ደንበኛ ናቸውና አነሣቻቸው። በተለያየ ቀን ስለመጡ አንዱ የሌላውን አላየም።

ዘካሪያ ሲያትም አላየም ወይ? አይቷል! ኋላ ስንጠይቀው "ዩኒፎርማቸው መስሎኝ" አለን።

አምስተኛው ሚስባህ ነበር፤ ያ ጥግ ላይ የተቀመጠው። ሚስባህ ሰኞ ገበያ ልብስ ሰፊ ነው። በዚያ ክፉ የጦርነት ጊዜ የስፌት መኪናዎቹን ሁሉ አጥቶ በአንዲት የእግር መኪና እንደገና የጀመረ ሰው ነው። አንድ የኮምቦልቻ ፋብሪካ የሠራተኞቹን የሥራ ልብስ የሚሰፋለት ሰው ከባዛሩ ሊመርጥ እንደሆነ ሰምቷል። ሥራውን ካገኘ ሱቁ ይቆማል፤ ካጣው ሱቁን አስረክቦ ሰው ቤት ተቀጥሮ መስፋት ነው። ይህን ሁሉ ከረባቱን ሳስርለት ነገረኝ። "እትዬ፣ ዱዓ አድርጉልኝ" አለኝ። እኔም በበኩሌ ለማርያም ነገርኩለት።

ባዛሩ የሚከፈት ዕለት ከአቢጌል ጋር ባነሮቹን ልንሰቅል ወረድን። ተራ በተራ ሲዘረጉ ምን ብናይ ጥሩ ነው? አምስት ሰው፣ አንድ ኮት! አንዱ ጎብኚ "ይሄ የየትኛው ባንክ ነው?" ሲል ድንኳኑ በሳቅ ፍርስ አለ። አቢጌል መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሳቁ ሳይበርድ የፋብሪካው የግዥ ኃላፊ ደረሰ። የሚስባህ ባነር ሥር ቆመና ኮቱን በጣቱ እያሳየ፣ "ይህን የሰፋኸው አንተ ነህ?" አለው።

እስቲ በሱ ቦታ ሁኑ። "አዎ" ቢል ማን ያውቅበታል? እኔ ራሴ በልቤ "አዎ በል፣ አዎ በል" እያልኩ ነበር።

ሚስባህ ግን፣ "ወላሂ እኔ አልሰፋሁትም። የፎቶ ቤቱ ኮት ነው። እኔ ሰፍቼው ቢሆን ትከሻው እንዲህ አይንጠለጠልም ነበር" አለ።

ሰማችሁ? ስንት ዘመን በካውያ ስተኩሰው የኖርኩትን ኮት! ሌላ ቀን ቢሆን አልለቀውም ነበር። ያን ቀን ግን ብስመው ደስ ባለኝ።

ኃላፊው ፈገግ አለ። "የሚወስነው ኮሚቴ ነው፤ እኔ ፎቶ ነው የማሳያቸው። የራስህን ሥራ የሚያሳይ ፎቶ ነገ ጠዋት ስጠኝ" ብሎት ሄደ።

የሚስባህ ፊት አመድ መሰለ። "በቃ፣ አለቀልኝ" አለ። አቢጌል ባነሩን አወረደችና ጠቀለለችው። ከዚያ ዞር ብላ፣ "ጋሽ ሚስባህ፣ የስፌት መኪናዎን እዚህ ያስመጡልኝ" አለችው።

"ምን ሊሠራ?"

"እትዬ ወርቅነሽ የሥራ ጋዋን ያስፈልጋቸዋል።"

እኔ? ማን ነገረኝ? ብቻ መኪናዋ ከደሴ ወርዳ በባጃጅ መጣችልን፣ እኔም እንደ ሙሽራ ቆሜ ተለካሁ።

መጀመሪያ ሚስባህ ካሜራ ባየ ቁጥር ለፓስፖርት እንደሚነሣ ሰው አገጩን ያነሣል። አቢጌል አንድም ጊዜ "ወደዚህ ይዩ" አላለችውም። ካሜራዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስለ ሥራው ትጠይቀዋለች። "ኪሱን ለምን በድርብ ክር ሰፉት?" ትለዋለች። "ሠራተኛ ኪሱ ውስጥ መፍቻም ቁልፍም ይከታል፤ በነጠላ ክር አይችልለትም" ይላታል። እንዲህ እያለ እኛንም ረሳን፣ ኮሚቴውንም ረሳው። ያኔ ነው ቀስ ብላ ካሜራዋን ያነሣችው።

ፎቶውን አሳየችኝ። ሚስባህ መርፌውን በከንፈሩ ይዞ ስፌቱን በዐይኑ ይከተላል። የሰው ፊት ሳሰማምር የኖርኩ ሴት ነኝ። ያን ፊት ማበጠሪያም ፓውደርም አልነካውም፤ ከሱ የበለጠ ያማረ ግን አላየሁም። ብራንዲንግ የምትለው ነገር የገባኝ ያን ቀን ነው። መካኒኩም ገብቶታል መሰለኝ፣ ቱታውን ፍለጋ ሮጠ።

ዘካሪያ ደሴ ላይ አተመው፣ አቶ ማቲዎስ "ወጪው በኛ ይሁን" ብሎ በሚኒባስ ላከው፤ ጠዋት ኃላፊው እጅ ገባ። ኮሚቴው መጀመሪያ የአንዱን ክፍል ልብስ ብቻ ለሙከራ ሰጠው። ሠራተኛው ሲወድለት የቀረውንም ጨመሩለት። ሱቁ ይኸው አልተዘጋም።

የሙከራው ልብስ የታደለ ዕለት ሦስታችን ፋብሪካው በር ላይ ቆመን ጠበቅን። ፈረቃው ሲለቀቅ ሠራተኛው የሚስባህን ልብስ ለብሶ ግር ብሎ ወጣ። አንድም ሰው አላወቀውም፤ እንዲያውም እየገፉት አለፉ። አናደደኝ! "ምነው ፎቶህን ደረታቸው ላይ ባተምንልህ!" አልኩት። እሱ ግን አልሰማኝም። አንዲት ልጅ ሚኒባስ ለማስቆም እጇን ወደ ላይ ዘርግታለች፤ እሷን ነው የሚያየው።

"አዩ እትዬ? ብብቷን አልያዛትም" አለኝ። እንባው መጣ። የኔም መጣ፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

ዞር ስል የአቢጌል ካሜራ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። "ምነው፣ ይሄንን አታነሺም?" አልኳት።

"ይተዉት እትዬ፤ ዛሬ የማየቱ ተራ የሳቸው ነው" አለችኝ።

አቢጌል፣ ፎቶ ማንሣት የሚችል ብዙ ሰው አይቻለሁ። መተው ያለበትን ሰዓት የሚያውቅ ግን ካንቺ ሌላ አላየሁም። ኮርቼብሻለሁ ልጄ።

እንግዲህ ልመርቃችሁና ልቀመጥ፤ ጉልበቴም እየጠራኝ ነው። አቶ ማቲዎስ፣ ቤትህ አይጉደል። ዘካሪያ፣ ወልደህ ሳም። ሚስባህ፣ እጅህን ይባርከው። ሁላችሁንም የደከማችሁበትን ነገር በሌላ ሰው ላይ አምሮ ለማየት ያብቃችሁ።

አሜን በሉኛ!