የዛሬዋ ቃል የማን ልክ ናት?

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሥጋ ዘመዶቹ፣ የሥራ ጓደኞቹ፣ ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ በዚህ ፀሐይ አብራችሁን የቆማችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እኛንም ያጽናን።

እኔ ንግግር አዋቂ አይደለሁም። ኮሌታ ሰፊ ነኝ። እዚህ ሳጥን ውስጥ ካለው ሰው ጋር በአንድ ክፍል፣ እሱ እየቆረጠ እኔ እየሰፋሁ፣ ፀጉራችን አብሮ ሸብቷል። ስሙን ትታችሁ «ጋሼ መቀስ» ትሉት ነበር፤ ሜትሩ ካንገቱ፣ መቀሱ ከእጁ አይለይማ። ዛሬ እንኳ «አንቱ» ልለው ይገባኝ ነበር። ግን እሱ ራሱ ከልክሎኛል። «አንቱ ስትይኝ ወገቤን ያመኛል» ይለኝ ነበር። ስለዚህ አትታዘቡኝ።

የምናገረው ለሁላችሁም ነው። አብልጬ ግን ለአንድ ሰው ነው። እዚያ ከሰዉ ኋላ፣ ሻንጣቸውን እንደያዙ የቆሙት የጋሼ ታናሽ ወንድም ናቸው። አሁን ነው ከመንገድ የገቡት። ሁለቱ ለዓመታት አልተነጋገሩም። ጋሼ የላከባቸው መልእክት እኔ ዘንድ አለ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል፤ አፈሩ ከመመለሱ በፊት አደርሰዋለሁ። አስቀድሜ ግን፣ ወንድሜ፣ በነዚያ ሁሉ ዓመታት ያላዩትን ሰው ላሳይዎት።

በስፌት ቤታችን ጠዋት ጠዋት፣ መኪኖቹ ከመነሳታቸው በፊት፣ ጋሼ መቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ይቆማል። ከተማሪ ዩኒፎርም ትራፊ ልባስ የሰፋላትን ትንሽ መጽሐፍ ቅዱስ ይከፍታል። አንዲት ቃል ያነባል። አንዲት ብቻ። አይሰብክም፣ አያብራራም። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ፣ «ይህች ዛሬ የማን ልክ ናት?» ይለናል።

ልኬ ናት ያለ ይወስዳታል። የወሰዳት እስኪመሽ ይኖራታል። ልንወጣ ስንል ደግሞ ይጠይቃል፤ «ተሰፋች ወይስ ገና ጨርቅ ናት?» ገና ጨርቅ ከሆነች፣ በማግስቱም ያነበበልን ያችኑ ነበር። «ያልተሰፋ እያለ ሌላ አልቆርጥም» ይል ነበር። ስንቶቻችን ነን ጠዋት ያነበብነውን ማታ የምንጠየቅ? እኛ እንጠየቅ ነበር።

በካውያ የሚተኩሰውን ጓደኛችንን ታውቁታላችሁ። ይኸው አጠገቤ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ምላሱ ከካውያው ይልቅ ታቃጥላለች፤ ይህን ስል አይቀየመኝም፣ ሚስቱም ትመሰክራለች። አንድ ቀን «የለዘበ መልስ ቁጣን ያበርዳል» የምትለዋን ወሰደ። ሳቅን። «አንተ? ይህችን?» አልነው።

ረፋድ ላይ ዩኒፎርም የምንሰፋለት ትምህርት ቤት ዳይሬክተር መጡ። የተማሪ መዘምራኑን ሸሚዝ ይዘው። ገና ከበሩ፣ «ይህን የሰፋው ሰው በእጁ ነው በእግሩ?» አሉ። ሁላችንም መኪና አቆምን። ካውያ የያዘው ጓደኛችን አፉን ከፈተ። ወደ ጋሼ አየ። ጋሼ ቀና አላለም፤ ጨርቁን ይለካል። ጓደኛችን ምራቁን ዋጠና፣ «እውነትዎን ነው፣ እጅጌው ተበላሽቷል። ይቀመጡ፣ ውሃ ላምጣልዎት?» አለ። ሴትዮዋ ደነገጡ። ለጠብ መጥተው ውሃ ጠጡ። ማታ ጋሼ ሲጠይቀው ምን እንዳለ ታስታውሳላችሁ? «ተሰፍታለች፣ ግን ጠባኛለች።» ጋሼም «ልበሳት፣ ትሰፋልሃለች» አለው።

እኔም አለሁበት። በሽተኛ መጠየቅን የምታዘውን ቃል ወሰድኩ። የቁልፍ ሰፊያችን እናት ሆስፒታል ተኝተው ነበርና፣ ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። መስኮቱ ስር ያለው አልጋ ተባልኩ። ተቀመጥኩ፣ ትራሳቸውን አቀናሁ፣ ጸለይኩላቸው፣ ብርቱካኑን ልጬ አጎረስኳቸው። ሲጨርሱ፣ «ልጄ፣ ማን ልበል?» አሉኝ። «የልጅዎ የሥራ ባልደረባ ነኝ» አልኩ። «እኔ ልጅ የለኝም» አሉኝ።

ለካ የቁልፍ ሰፊያችን እናት ትናንቱን ድነው ወጥተዋል። ማታ በኀፍረት፣ «ጋሼ፣ ቃሏን በሌላ ሰው ልክ ሰፋኋት» አልኩት። የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን ጠረገና፣ «ሌላ ጠያቂ አላቸው?» አለኝ። የላቸውም አልኩ። «እንግዲያ ነገም ተሳሳቺ» አለኝ። እኒያ እናት ዛሬ እዚያ ዛፉ ጥላ ስር ተቀምጠዋል። እኔ እናቴ ነው የምላቸው። እሳቸውም አሁን ልጅ አላቸው፣ ያውም ነገር የምታበዛ።

ወንድሜ፣ ይህን ሁሉ የምነግርዎት ወንድምዎ ጻድቅ ነበር ለማለት አይደለም። አልነበረም። እሱም መስፋት ያቃተው ቃል ነበረው።

አንድ ጠዋት «ስጦታህን ከመሠዊያው ፊት ተውና አስቀድመህ ከተቀየመህ ወንድምህ ጋር ታረቅ» የምትለዋ ላይ ደረሰ። አነበባት። መነጽሩን አወለቀ። «ይህች ዛሬ የማን ልክ ናት?» አለ። ማንም አልወሰዳትም። እሱ ራሱ፣ «የእኔ ናት» አለ።

ማታ ማንም ሊጠይቀው አልደፈረም። ይህ ካውያ ተኳሽ ግን ነገር በሆዱ አያድርምና፣ «ጋሼ፣ ተሰፋች?» አለው። «ጨርቅ ናት» አለ። በማግስቱ ያችው ተነበበች። በሳምንቱም ያችው። ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ፣ እኛ ያችው ቃል ላይ ነን። ቁልፍ ሰፊያችን ሰለቻትና፣ «ጋሼ፣ እባክህ እለፋትና ሌላ አንብብልን» አለችው። «በእናንተ ልክ ስትሆን ዘልዬላችሁ አላውቅም። በእኔ ልክ ስትሆን ልዝለላት?» አላት። ከዚያ ወዲያ ዝለላት ያለው የለም።

ምሳ ስንበላ ነገሩን ለእኔ አጫወተኝ። እናታችሁ ሲታመሙ እርስዎ ሩቅ ነበሩ፣ ሥራም ገና መጀመርዎ ነበር። አላስደነግጠውም አለ። ትድናለች አለ። ዛሬ ነገ ሲል እናታችሁ አረፉ። ከቀበራቸው በኋላ ደወለልዎት። እርስዎም፣ «እናቴን ሳላያት አፈር አለበስካት?» አሉት። ከዚያ ወዲህ ተነጋግራችሁ አታውቁም።

«ይቅርታ ጠይቀኸው ነበር?» አልኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ። «ምክንያቴን ነገርኩት» አለ። «ምክንያት መንገርና ይቅርታ መጠየቅ አንድ ይመስለኝ ነበር።»

ሞክሯል፣ ወንድሜ። ስልክ እየደወለ፣ «ሄሎ» ሲሉ ይዘጋው የነበረው እሱ ነው። አንድ ቅዳሜ እርስዎ ዘንድ ድረስ መጥቶ ከበርዎ ቆሞ ነበር። ከውስጥ የልጆች ሳቅ ሰማ። «ሐዘን ይዤባቸው የምገባ መሰለኝና ተመለስኩ» አለን። ሰኞ ጠዋት፣ ሁላችን ፊት፣ «ደጁ ደረስኩ፣ ማንኳኳት ግን አቃተኝ» ብሎ ያችኑ ቃል ደግሞ አነበባት። እኛን ሲጠይቅ የኖረ ሰው ራሱን ሲጠይቅ ያየሁት ያኔ ነው። የበለጠ የወደድኩትም ያኔ ነው።

ከዚያ ታመመ። ድምፁ ሲደክም ባለቤቱ ደወለችልዎት። እሺ ብለው ስልኩን ዘጉ። እሱ ግን እሺታዎን ይዞ ሰነበተ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይል ነበር። ነርሷ ስትገባ ቀና፣ ሐኪሙ ሲገባ ቀና። እርስዎ መንገድ ላይ ሳሉ፣ ትናንት ሊነጋ ሲል አረፈ።

ወገኖቼ፣ ቀብሩ ከጠዋት ወደ ከሰዓት ለምን ተዛወረ ብላችሁ ስትጠይቁ ነበር። ቄሱም ጠይቀውኛል። ምክንያቱ ይህ ነው። ባለቤቱ እዚህ አለች፣ ምስክሬ ናት። ከማረፉ በፊት ሁለታችንን ጠራና ቃሉን ሰጠን። «ለወንድሜ በሰው ፊት ንገሩልኝ፤ የበደልኩትም፣ ሰው ሁሉ በቆመበት፣ ቀብር ላይ ነውና» አለ። ያለው ይኸውና፣ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም፤

«እናታችንን ያላንተ ቀበርኳት። በደልኩህ። ምክንያት የለኝም። እኔን ግን ያላንተ አይቅበሩኝ።»

ይኸው አደራዬን ተወጣሁ።

ይቅር ይበሉት ብዬ አልለምንዎትም። ልለምንዎት ብዬው ነበር፣ እሱ ነው የከለከለኝ። «በሰው ፊት አታስጨንቁት፣ ልቡ የራሱ ነው» አለ። ደግሞም፣ «ከሞትኩ በኋላ ቢደርስ፣ ዘገየ የሚል ሰው እንዳልሰማ። መጣ በሉ» አለን።

እባካችሁ መንገድ ልቀቁላቸው። ሻንጣውን ተቀበሏቸው። ይቅረቡ፣ ወንድሜ፣ ይቅረቡ። የሚጣደፍ የለም። እርስዎ ሳይፈቅዱ አፈር የሚነካ ሰው እዚህ የለም። እጅዎን ሳጥኑ ላይ ማድረግ ይችላሉ። አዎ። እንደዚያ። ማልቀስም ይችላሉ፣ ማንም ዝም በሉ አይልዎትም።

ጋሼ፣ አንተም ስማኝ። ደክመህ ነበር፣ አሁን እረፍ። ነገ ጠዋት መጽሐፉን ማን እንደሚከፍተው አላውቅም።  ግን እንከፍተዋለን፣ አታስብ። ባለቤትህንም ብቻዋን አንተዋትም። ናፍቆትህ ግን እንዴት እንደሚቻል እንጃልኝ።

ደህና ሁን፣ የኔ ጋሼ። ጌታ በብርሃኑ ይቀበልህ። ቀና ብለህ በሩን ማየት ይብቃህ፤ ወንድምህ መጥቷል።