ስድስተኛው ቋጠሮ

ክቡራትና ክቡራን፤ ጓድ ርዕሰ መምህር፤ ጓዶች፤ የሥራ ባልደረቦቼ፤

በየትኛው ልጥራችሁ ብዬ ትናንት ስጨነቅ ባለቤቴ ውቢት ሰማችኝና «በሁሉም ጥራቸው፤ የቀረ ሰው እንዳይቀየም» አለችኝ። ይኸው በሁሉም ጠራኋችሁ።

ይህን ዝግጅት ላሰናዳችሁ፣ ለስላሳውን በዚህ ጭቃ በጋሪ ላስመጣችሁ፣ ዳቦውን ከየቤታችሁ ይዛችሁ ለመጣችሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወረቀቴ ላይ «አመሰግናለሁ» ነው የሚለው። አፌ የለመደውን አለ።

የሰጣችሁኝን ጃንጥላም አይቻለሁ። ጡረታ ወጥቶ ወደ ዶዮገና ለሚገባ ሰው ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም። የሚስቴ አገር ነው፤ ዝናቡን አውቀዋለሁ። የመረጠው ሰው ወይ አማቼ ነው ወይ ጠላቴ ነው ብያለሁ።

ንግግሬን እንደ ደንቡ ማክሰኞ ዕለት ለጓድ ቸኮል አሳይቻለሁ። ለማታውቋቸው እንግዶች፣ ጓድ ቸኮል የትምህርት ቤታችን የፓርቲ ተጠሪ ናቸው፤ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። አንብበው «ጥሩ ነው፣ ትንሽ ረዝሟል» ብለው መለሱልኝ። አንድ ገጽ ከግማሽ ነው።

ሠላሳ ዓመት ታሪክ አስተማርኩ። የዓለምን ታሪክ። በዚህ ከተማ። ዓለምን ግን አላየኋትም። በስተ ሰሜን ከተወለድኩበት፣ በስተ ደቡብ ከዱራሜ አላለፍኩም። ሮማን በሦስት ሳምንት ትምህርት አንሥቼ ስጥል፣ ከዚህ ጃጁራ ለመድረስ በክረምት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ተማሪዎቼ ያውቁ ነበር። አንዱ እንዲያውም መካከለኛውን ዘመን እንዲያብራራ ስጠይቀው ምን አለኝ? «ቲቸር፣ በሐምሌ ጃጁራ እንደመሄድ ነው። ይደረሳል፤ ግን ማንም ማስታወስ አይፈልግም።» ከአሥር ዘጠኝ ሰጠሁት።

ይቺን ገመድ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ልጆቹ «ጋሽ ገመድ» ሲሉኝ የኖሩት በእሷ ነው። መጽሐፉ ለስድስት ተማሪ አንድ በደረሰበት ዓመት ውቢትን «ከገበያ ጠንካራ የቃጫ ገመድ ግዢልኝ» አልኳት። «ለላም ነው?» አለች። «ለዓለም ታሪክ» አልኳት። ዘንቢሏን አንሥታ ሄደች። ገዛችልኝ።

ዘጠኝ ቦታ ቋጠርኩት። አንደኛው የድንጋይ ዘመን። ሁለተኛው የወንዝ ዳር ሥልጣኔዎች። ሦስተኛው ግሪክና ሮማ። አራተኛው መካከለኛው ዘመን፣ ያ የጃጁራ መንገድ። አምስተኛው ሬኔሳንስ። ስድስተኛው ሪፎርሜሽን፣ ፕሮቴስታንቶች ከሮማ ቤተ ክርስቲያን የተለዩበት። ሰባተኛው የፈረንሳይ አብዮት። ስምንተኛው የኢንዱስትሪ አብዮት። ዘጠነኛው ሃያኛው ክፍለ ዘመን።

የፈተና ክለሳ ሲደርስ ከበሩ ማጠፊያ እስከ መስኮቱ ብረት እወጥረዋለሁ። ተማሪው ዓይኑን ጨፍኖ በእጁ እየዳሰሰ ይሄዳል። ቋጠሮ ላይ ሲደርስ ቆሞ ዘመኑን ይናገራል፤ መቼ ጀመረ፣ ምን አመጣ፣ በምን አበቃ። ጭንቅላት ይረሳል። ጣት አይረሳም። ሰባተኛው ላይ፣ ንጉሡ የሚገደልበት ቦታ ላይ፣ ማንም አይስቅም ነበር። ጣታቸው ቶሎ ያልፍ ነበር። የኔም።

ለፈተና ሲቀመጡ ገመዱ የለማ! ታዲያ ሴቶቹ የነጠላቸውን ዘርፍ፣ ወንዶቹ የጫማቸውን ክር እየቋጠሩ መግባት ጀመሩ። አንድ ዓመት ረሻድ የሚባል መምህር ከዱራሜ ለፈታኝነት መጥቶ ኖሮ፣ የአንዷን ነጠላ ይይዛል።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቋጠሮ ነው።»

«የምን ቋጠሮ?»

«የዓለም፣ ቲቸር።»

አገላብጦ አየው። አልተጻፈበትም፣ አልተሣለበትም። ምን ብሎ ይከሰስ? ለቀቃት። ማታ ሻይ ቤት አግኝቶኝ እንባው እስኪወርድ እየሳቀ ነገረኝ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሌላ ነገር ጨመረ። እሱን በኋላ እነግራችኋለሁ።

ወረቀቱ ላይ ከዚህ ቀጥሎ «ገመዷን ለታሪክ ትምህርት ክፍል በክብር አስረክባለሁ» ይላል። ከዚያ ምርቃት አለ። ጥሩ ምርቃት ነው።

ወረቀቱን አጥፌዋለሁ።

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ እንዲበረታ እየተመኘሁ ነበር፤ ግማሹን ብቻ እንድትሰሙ። ይኸው አባራ። እንግዲህ ምን ይደረግ?

ወይዘሪት ጣቢታ ተረፈ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ታውቋታላችሁ፤ ከሦስት ዓመት ወዲህ አብራን ታሪክ የምታስተምር፣ ከሰኞ ጀምሮ ቦታዬን የምትይዝ ናት። ተማሪዬም ነበረች። ትናንት ጠመኔ ከመጋዘን አብረን ስናወጣ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ እኛን ሲከልሱን ስድስተኛውን ለምን ዘለሉት?»

ዘጠኝ ዓመት አልጠየቀችኝም ነበር። «ነገ እነግርሻለሁ» አልኳት። ነገ ዛሬ ነው።

በ1973 ነው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ ስልሳ ስምንት ተማሪ። ኅዳር ላይ ሪፎርሜሽንን ሁለት ክፍለ ጊዜ አስተምሬያለሁ። ሰሌዳ ሙሉ ጽፌ፣ አስገልብጬ። ያኔ ምንም አልነበረም። በጥር የሰፈሩ የፕሮቴስታንት ጸሎት ቤት ታሸገ። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ለምርመራ ይጠሩ ጀመር። እኔ የእነሱ ቤተ እምነት ሰው አይደለሁም፤ ታውቃላችሁ። እሑድ ጠዋት በዚያ በኩል ሳልፍ የበሩን ማሸጊያ ወረቀት አየሁና ቤቴ ገባሁ። ስለ ሌላ ሰው በር ምን አገባኝ አልኩ። ልክ እንዲህ በቃል አላልኩም። ግን አልኩ።

ክለሳው ሲደርስ ጓድ ቸኮል በኋላኛው ወንበር ተቀመጡ። ያኔ ወጣት ካድሬ ነበሩ። ማስታወሻ ደብተር፣ ቀይ ሽፋን። እኔ ገመዱን ወጠርኩ። አምስተኛው ጋ ደረስን። ጣቴ ወደ ስድስተኛው ሄደ፣ ሄደና ሳይቆም አለፈ።

«ሰባተኛ፣ የፈረንሳይ አብዮት።»

ስልሳ ስምንቱም ገባቸው። የአንዷ እጅ ብቻ ወጣ።

«ቲቸር፣ አንድ ዘመን ዘለሉ።»

«አልዘለልኩም።»

«ስድስተኛው ...»

«ስድስተኛ የሚባል የለም። ተቀመጪ።»

ቋጠሮው ከፊቴ ተንጠልጥሏል። ሁሉም ያየዋል። የለም አልኩ። ተቀመጠች።

ይህን ያህሉን ጣቢታ ታውቃለች፤ የወጣው እጅ የእሷ ነበር። የማታውቀው ቀጥሎ ያለውን ነው።

ተማሪዎቹ ሲወጡ ጓድ ቸኮል ወደ እኔ መጡ። ትሕትና ነበራቸው፤ ይህን እመሰክራለሁ። ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም።

«ጓድ መምህር፣ ይቺ ልጅ ይህን ከየት አመጣችው? ማን አስተማራት?»

ጠመኔው በእጄ ነበር። በዚያው ጠመኔ ኅዳር ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «እኔ አስተማርኳት፣ በመጽሐፉ አለ» ማለት ይቻል ነበር። መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ገጹን አውቀዋለሁ።

«ከቤቷ ይሆናል» አልኩ።

እሳቸው ጻፉ። እኔ ሰሌዳ አጸዳሁ። ጽሑፍ አልነበረበትም። አጸዳሁት።

በዘጠነኛው ቀን የጣቢታ አባት አቶ ተረፈ ከሌሞ ለገበያ እንደወጡ ተያዙ። ሰባት ወር ታሰሩ።

ያለ እኔ ቃልም ይያዙ ነበር? ምናልባት። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ነበሩ፣ ሌሎችም ተይዘዋል። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ እንደነገርኩት አልቆጠርኩም። ጓድ ቸኮልም ላያስታውሱት ይችላሉ፤ በዚያ ደብተር ውስጥ ብዙ ቃል ገብቷል። እኔ ግን የተናገርኩት ሁለት ቃል ነው፤ አልጠፋኝም።

በዚያው ሳምንት ስድስተኛውን ቋጠሮ ፈታሁት። ገመዱ ስምንት ሆነ። እንግዲህ ረሻድ ሻይ ቤት የጨመረውን ልንገራችሁ። «የሚገርምህ» አለኝ፣ «የሌሎቹን ቆጠርኩ፤ ስምንት ስምንት ነው። የዚያች ልጅ ነጠላ ላይ ግን ዘጠኝ ነው። ተሳስታ ይሆን?» አባቷ እስር ቤት ሆነው ነው ለፈተና የተቀመጠችው። «ተሳስታ ይሆናል» አልኩት።

በፈተናው ከስድስተኛው አራት ጥያቄ መጣ። ስልሳ ሰባቱ ተማሪዎች መጥተው አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

አቶ ተረፈ በተፈቱ በዓመቱ ጃጁራ ገበያ አገኙኝ። ከስተዋል። ከሩቅ ጮኹ፣ «መምህር ኃይለመለኮት! አንተ ሰው! ልጄን አስተምረህ አሳለፍክልኝ!» በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ እጄ ላይ አኖሩ። አልቀበልም ብል ለምን ሊሉኝ ነው። ተቀበልኩ። ውቢት አነጠረችው፤ ቤቱ በሙሉ ሸተተ። ሆዴን አሞኛል ብዬ ሳልበላ ተኛሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ሲያርፉ ለቅሶ ሄጃለሁ፤ ከፊት ተቀመጥ ተባልኩ፤ ከፊት ተቀመጥኩ።

ታዲያ ይህን ለጣቢታ ለብቻዋ ለምን አልነገርኳትም? አስቤው ነበር። ለብቻዋ ብነግራት ሸክሜን አራግፌ ዶዮገና እገባ ነበር፤ እሷ ተሸክማው እዚህ ትቀር ነበር። ቃሉም የተነገረው ለእሷ አይደለም። ለጓድ ቸኮል ነው። የሚታረመውም እሳቸው ፊት ነው።

ጣቢታ፣ ልጄ። ይቅርታ እዚህ አልጠይቅሽም። ሰው በተሰበሰበበት ሲጠየቁ እንቢ ማለት ይከብዳል፤ እንቢ የማለት መብትሽን በጭብጨባ ልወስድብሽ አልፈልግም። ቤቴን ታውቂዋለሽ። እስከ ማክሰኞ አለሁ። ብትመጪም ባትመጪም በሩ ክፍት ነው።

አንድ የሥራ ጉዳይ ይቀረኛል። የሰኞው የክለሳ ዕቅድ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ የክፍሉ ኃላፊ ሆኜ የመጨረሻ ፊርማዬ እሱ ነው። ዘጠኝ ርእስ አለው። ከአውራጃው የሚመጣው ኢንስፔክተር ስድስተኛውን ማን አስገባው ብሎ ቢጠይቅ፣ ከማንም ቤት የመጣ አይደለም። የገባው በኔ እጅ ነው። አርባ ሰው ሰምቷል፤ ጓድ ርዕሰ መምህርም ሰምተዋል።

ቋጠሮውን ትናንት ማታ መልሼ ቋጥሬዋለሁ። ቦታውን መፈለግ አላስፈለገኝም። ቃጫ አንዴ ከተቋጠረ፣ ቢፈታም እንደጎበጠ ይቀራል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በክለሳ ጊዜ ልጆቹ እዚያች ጋ ጣታቸው ሲዘገይ አይ ነበር። «ቲቸር፣ እዚህ ጋ ምን ነበር?» ይሉኛል። «ገመዱ አርጅቶ ነው» እላቸው ነበር።

ጓድ ቸኮል፣ ብዕርዎን ሲያወጡ አይቻለሁ። ደግ አደረጉ። ዘጠኝ ዓመት የዘገየ መልስ ነውና እንዳያመልጥዎ ቀስ ብዬ እናገራለሁ። ማን አስተማራት ብለው ጠይቀውኝ ነበር።

እኔ ነኝ። ኃይለመለኮት። ኅዳር 1973፣ ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ በነጭ ጠመኔ። አባቷ አይደሉም።

እንግዲህ ልመርቃችሁ፤ ሽማግሌ ሆኛለሁና ይፈቀድልኛል።

ልጅ ወልዳችሁ ለወግ ለማዕረግ አብቁ። ደመወዛችሁ በጊዜው ይድረስ፤ መጽሐፉም ለሁለት ተማሪ አንድ ይሁን፤ ለአንድ አንድ ካላችሁ አልቀናም። እጁን የሚያወጣ ተማሪ ከክፍላችሁ አይጥፋ። እሱ እጁን ባወጣ ቀን ድምፃችሁን አይንሳችሁ። ክፉ ጥያቄ አይግጠማችሁ፤ ከገጠማችሁም መልሱ በአፋችሁ ላይ ይገኝ፤ እንደኔ ዘጠኝ ዓመት በጉሮሯችሁ አይክረም። ከዶዮገና ለገበያ ስወጣ አያችሁ ዘንድ ጤና ይስጣችሁ።

ገመዱን በማንም እጅ አላስይዝም። ጠረጴዛው ላይ ትቼዋለሁ። ሰኞ ጠዋት የሚከልስ ሰው ያነሣዋል።