የአባቴ ቮልስና የመሪጌታ ፍርድ

በእኛ ጊዜ፣ ሰናይት፣ መኪና ያለው ሰው መኪናውን ያውቅ ነበር። አንች አሁን ያገለገለ መኪና ገዛሁ ብለሽ ስትመጭ ደስ አለኝ፤ ታዲያ «ዘይቷን መቼ ቀየርሽ?» ብልሽ «ጋራዡ ያውቃል» አልሽኝ። ጋራዡ ያውቃል! ባልሽንም እንግዲህ ጎረቤት ይወቀው። አትሳቁ፣ የምሬን ነው። ባልሽ ደግሞ የምለውን ሁሉ ይጽፋል መሰል። ጻፍ፣ ግድ የለም፤ አታሳምረው እንጂ። የሚያሳምሩ ሰዎች ምን እንዳደረጉኝ አሁን እነግራችኋለሁ።

እኔ ድሬዳዋ ከመጣሁ ብዙ ዘመን ሆነኝ፤ የጎጃምን ነገር የማወራው ናፍቆኝ እንዳይመስላችሁ። አልናፈቀኝም። የሚናፍቀኝ ቢኖር አንዲት ቮልስ ናት፤ እሷም ብትሆን ግማሿ።

እንግዲህ ደርግ ወድቆ አዲሶቹ ከገቡ ጥቂት ዓመት እንደሆነ አባታችን ሞቱ። አባታችን ቡሬ ላይ የታወቁ የእህል ነጋዴ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ፍኖተ ሰላም ታሪክ አስተምር ነበር። ባል አግብቼ ፈትቻለሁ፣ ልጅ የለኝም፣ መጽሐፍ ግን ነበረኝ። ወንድሜ ጥሩነህ ታላቄ ነው፤ «አያ» ነው የምለው። ታዲያ ተዝካሩ ወጥቶ ንብረት ልንካፈል ስንቀመጥ፣ ቤቱ ለአያ ጥሩነህ፣ መጋዘኑም ለአያ ጥሩነህ፣ ከብቱም «ለጊዜው» ለአያ ጥሩነህ ሆነ።

«ለእኔስ?» አልሁ።

«አንች ደመወዝ አለሽ» አለኝ።

«ደመወዜን አባታችን ናቸው የተውልኝ?»

ሰዉ ሳቀ፤ እሱ አፈረ፤ ሲያፍር ደግሞ ቸር ይሆናል። «እንግዲያው ያችን ቮልስ ውሰጃት፤ ብረት ናት» አለ። በሰው ፊት ነው ያለ። «ብረት ናት» ነው ያለ።

ያች ቮልስ አባታችን በንጉሡ ጊዜ ገዝተዋት በደርግ ጊዜ ቤንዚን ሲጠፋ ከጓሮ ያቆሟት ናት። ጎማዋ መሬት ገብቷል፣ ዶሮ ይፈለፈልባታል። በእህል ጭነት መኪና አስጎትቼ ፍኖተ ሰላም አመጣኋት እና መካኒክ ጠራሁ። ዞራት፣ ዞራት፣ በእግሩ መታ መታ አደረጋትና «ቲቸር፣ ይችን ሽጭና በሬ ግዥ» አለኝ።

«በሬው ሲታመምስ ማን ያየዋል፣ አንተ?» አልሁት። ሄደ።

ታዲያ ሰው ሳጣ ራሴ ገባሁበት። የጥገና መጽሐፍ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ እና እንደ ዳዊት ደገምሁት። ሱሪ አሰፋሁ። መምህርት ሱሪ ለብሳ መኪና ሥር ተኝታ ሲያይ ያኔ አላፊ አግዳሚው ይቆም ነበር። አንዲት ጎረቤቴ ጎንበስ ብላ «ምን ጠፍቶሽ ነው?» ትለኛለች። «ባል» አልኋት። «እና እዚያ ሥር ይገኛል?» አትለኝም!

ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ዝጎ ተጣብቆ ነበር። በካንዴላው ቀዳዳ ዘይትና ናፍጣ እያንጠባጠብሁ፣ ጠዋት ማታ በመፍቻ ቀስ አድርጌ እየገፋሁ ሰነበትሁ፤ አይነቃነቅም። እንደገና አጠጣለሁ፣ እንደገና እገፋለሁ፣ አይነቃነቅም። አንድ ቀን ቂጭ አለና ለቀቀ። ቂጭ! አስተማሪ ሆኜ እንደዚያ ያለ መልስ ከተማሪ አግኝቼ አላውቅም። ከዚያ በኋላማ ማን ያቆመኛል። ካርቡራተሩን ፈትቼ አጠብሁ፣ ፒስተን፣ ካንዴላ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ የፍሬን ጎማ፣ ኩሽኔታ፣ አንዱን ከባሕር ዳር ሌላውን ከአዲስ አበባ በሾፌር እያስላክሁ ቀየርሁ። የወጣውን አሮጌ ዕቃ ግን አልጥልም፤ በጆንያ አስቀምጣለሁ። መኪና የሚወድ ሰው እንዲህ ነው፤ ጥርሷ ቢወልቅም ያስቀምጥላታል።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረኝ። ከካርቡራተሩ ሥር የሚነጠፈው ጓርኒሲዮን ተበልቶ በዚያ በኩል አየር ይገባል፤ ትነሣለች፣ ታስላለች፣ ትጠፋለች። ካርቶን ቆርጬ ባደርግላት አልሆነም። ኋላ አሰብሁና ማንኩሳ ወረድሁ። እዚያች ከተማ የአባታችን ወዳጅ የሆኑ አንድ መሪጌታ ነበሩ፤ ቅኔያቸው የተመሰገነ፣ ብራናም በእጃቸው የሚፍቁ።

«መሪጌታ፣ ቁራጭ ብራና ይሰጡኛል?» አልኋቸው።

«ክታብ ሊጻፍልሽ ነው፣ ልጄ?»

«የለም፣ ለመኪናዬ ነው።»

«መኪናዋን ምን አገኛት?»

«አየር እየገባባት ተቸገርሁ።»

ተነሡ። ቆመው አማተቡ። «መቼ ነው የጀመራት?» አይሉኝም!

አስረዳኋቸው፣ ኧረ ስንት ጊዜ አስረዳኋቸው፣ ኋላ ገባቸውና ሳቁ፤ ያልተጻፈበት የፍየል ብራና ቆርጠው ሰጡኝ። ብራና ውኃ አይወድም እንጂ ቤንዚን ምንም አያደርገው። በምላጭ ቆረጥሁት፣ አነጠፍሁት፣ ብሎኑን አጠበቅሁ፣ አስነሣኋት። ማሳሏን ተወች። ታዲያ አገሩ ምን አለ? «የቲቸር መኪና በመሪጌታ ክታብ ነው የምትሄድ» አለ። ያን ሁሉ ወራት ከሥሯ ተኝቼ ያየኝ ሰው እኮ ነው እንዲህ የሚል! መሪጌታም ሲጠየቁ «አይደለም» አይሉም። «የእግዜር ሥራ ነው» ብለው ዝም። ክብር ተገኝቶ ማን ይመልሳል።

በእሷ ፈረስ ቤት የሚሏት ደጋ ከተማ ድረስ ባልወጣም፣ መንገዱ አይደለማ፣ ቡሬና ማንኩሳ ግን ተመላለስሁ። የማንኩሳ ገበያ ላይ አንድ ገበሬ የፊቱን ኮፈን አስከፈተኝና ጆንያዬን ብቻ አይቶ «ሞተሯስ?» አለኝ። «ከኋላ ነው» ብለው፣ «እህ፣ እንደ ሰነፍ አህያ እየተገፋች ነዋ የምትሄድ» አለ።

እንግዲህ አያ ጥሩነህ ልጁን ሊድር ሆነ። መልእክት ላከ፤ «እታለም፣ ለሙሽሮቹ መኪናሽን» ብሎ። መኪናሽን ነው ያለ። ወሰድሁለት። አበባ ሰክተው፣ ጡሩንባዋን እየነፉ ቡሬን አዞሯት። አያ ጥሩነህ ከበሩ ቆሞ ለእንግዳው ሁሉ «የአባቴ መኪና ናት፣ የአባቴ መኪና ናት» ይላል። እኔም ደስ ይበለው ብዬ ዝም አልሁ። ሠርጉ አለፈ፣ መልሱ አለፈ፣ ቁልፉን ስጠይቀው፣

«ተይ እንጂ እታለም። ይችማ የቤቱ ስም ናት፤ ከዚሁ ትቁም» አለኝ።

«ብረት ናት ብለህ አልነበር?»

«ያኔ ብረት ነበረች። አሁን መኪና ናት።»

«ማን መኪና አደረጋት?»

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ። ነገር አታብዥ፣ ሽማግሌ ይየን» አለ።

ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ሦስት ናቸው፣ ሰብሳቢው የማንኩሳው መሪጌታ። እኔ ደስ አለኝ፤ እውነቱን የሚያውቁ እሳቸው ናቸዋ። በጉ አስቀድሞ ታርዷል፤ እኛ አገር ዕርቁ ሳይጀመር ነው ወጡ የሚሠራ። መኪናዋ ከግቢው መካከል ቆማለች። ከሽማግሌው ፊት ተነሣሁ እና ጆንያዬን ዘረገፍሁት። አሮጌ ፒስተን፣ የተበጠሰ ገመድ፣ የተበላ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ሁሉም ተንኮሻኮሸ።

«አባቶቼ፣ አባቴ የተውልኝ ይኸው ነው። አያ ብረት ናት ብሎ ሰጠኝ፤ ብረቱን ይውሰድ።»

አያ ጥሩነህም ቀላል ሰው አይደለም። «ቀፎዋስ?» አለ። «በሮቿስ? አባታችን የተቀመጡባት ወንበርስ? እነሱም ከጆንያ ወጡ? ደግሞስ እሷ ምን ሠራች፣ መኪናዋን ያስነሣት የመሪጌታ ክታብ እንደሆነ አገር ያወቀው ነው። መሪጌታ አሉ፣ ይናገሩ!»

ሰው ሁሉ ወደ መሪጌታ ዞረ። እኔም ዞርሁ። «ልጄ ያልተጻፈበት ቁራጭ ነው የሰጠኋት፣ ሥራው የእሷ ነው» ማለት ምን ያስቸግራል? ጺማቸውን ዳሰሱ። ሰማይ አዩ። መሬት አዩ። እና ዝም አሉ።

እኔ ሰው ያስቀየመኝ ብዙ ነው፤ እንደዚያች ዝምታ ያለ ግን አላገኘሁም።

ከዚያ ሦስቱ ተነጥለው ተንሾካሾኩ፣ ተመለሱ፣ መሪጌታ በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆሙ። ድምፃቸውን አሳምረው፣ ቀስ ብለው፣ «በድኑ ለወራሹ፣ እስትንፋሱ ለእፍ ባይዋ» አሉ።

ግቢው ተናወጠ። «ይበል! ይበል!» አለ ሰዉ፣ ልክ ቅኔ ማኅሌት እንደ ቆመ። አንዱ ሽማግሌ እያለቀሰ «እንዴት ያለ ፍርድ!» ይላል። አያ ጥሩነህም «ይበል!» አለ፤ ወራሽ መባሉን ነው የሰማ። «በሉ ተሳሳሙ» አሉን። ተሳሳምን። ጠላ ተቀዳ።

«ፍርዱን ተቀብያለሁ» አልሁና ከጆንያው ሥር የቀረውን መፍቻዬን አወጣሁ።

ስሙኝ አሁን። የቮልስ ሞተር በአራት ብሎን ነው የተያዘ። ከዚያ ሁሉ ወራሽና ሽማግሌ ይህን የማውቅ እኔ ነበርሁ። ባትሪውን ነቀልሁ፣ የቤንዚኑን ጎማ ደፈንሁ፣ የነዳጅ መስጫውን ገመድ ፈታሁ፣ ሽቦውን አላቀቅሁ፣ ከሥር ገብቼ ሞተሩን በመኪናዋ ክሪክና በእንጨት አስደግፌ አራቱን ብሎኖች አወጣሁ፤ ከዚያ ቀስ እያደረግሁ አወረድሁት። አያ ጥሩነህ ከእነ ዋንጫው መጥቶ ጎንበስ ብሎ ያየኛል። «ምነው፣ ጉድለት አላት?» ይለኛል። ልታስረክበኝ እያሰናዳች ነው ብሏል።

«አያ፣ እስቲ ሰው ጥራና ከኋላ አንሡልኝ» አልሁት።

እሱው ራሱ ጎረምሶች ጠርቶ፣ እሱው ራሱ የኋላ መከላከያዋን ፓራውልቱን ይዞ፣ «በሉ፣ በሥላሴ! ሆ!» ብሎ አነሣ። ወደ ፊት ገፏት። ቮልሷ ሄደች፣ ሞተሩ እንደ ተወለደ ጥጃ መሬት ላይ ቀረ።

ሰዉ ሞተሩን ከበበ። ኋላ አያ ጥሩነህ፣

«ምን አደረግሽ?» አለ።

«እስትንፋሱን ወሰድሁ።»

ወደ መሪጌታ ዞረ። «መሪጌታ! እንዲህ ነው የፈረዱ?»

መሪጌታ ሥጋ እያኘኩ ነበር፤ ዋጡና «ኧረ እኔስ ተስማሙ ለማለት ነው፤ ስሙ የእሱ ይሁን፣ እሷም ትንዳት ለማለት ነው» አሉ።

«እንግዲያው እንዲያ ብለው አይናገሩም ነበር?» አልኋቸው።

«እሱማ ምን ያምራል፣ ልጄ!» አሉኝ። ከልባቸው ነው። ዓይናቸውን አየሁት፤ ከልባቸው ነው።

ሽማግሌዎቹ እኔ አለቅሳለሁ፣ ከምትፈርስስ ሙሉዋን ይውሰዳት እላለሁ ብለው ነበር የሚጠብቁ። አላልሁም። ሞተሩን በፈረስ ጋሪ አስጫንሁ እና ከጎኑ ተቀምጬ ፍኖተ ሰላም ገባሁ። ከዚያ እኔ ቀፎ ሳፈላልግ፣ እሱ ሞተር ሲያፈላልግ ከረምን። እሱ «ሞተሩን ሽጭልኝ» ብሎ ይልካል፤ እኔ «ቀፎውን ሽጥልኝ» ብዬ እልካለሁ። ይኸው ነው። ከዚያ እኔ ወዲህ ተዛወርሁ።

ምን አልሽ ሰናይት? ማን አሸነፈ? ሽማግሌዎቹ ናቸዋ! በጉን በሉ፣ ጠላውን ጠጡ፣ ፍርዳቸውም እስከ ገበዝ ማርያም ተወራላቸው። እኔና አያ ጥሩነህማ፣ እሱ ሞተር የሌላት መኪና ይዞ፣ እኔ መኪና የሌለው ሞተር ይዤ፣ ገና ወዲህ ሳልመጣ የአክስታችን ለቅሶ ላይ ስንገናኝ ሁለታችንም በእግራችን ነው የመጣን። ሃ!

«ታዲያ እዚያ ሰላም ተባባላችሁ፣ እትዬ?» አልሽኝ ደግሞ?

ተባባልን እንጂ። «ቤንዚን ተወደደ አሉ» አለኝ። «አዎ፣ ተወደደ አሉ» አልሁት።