ከውጤት ሰሌዳው ፊት ተንጠልጥሎ ስለቆየው አለቃ

የቃል ሰጪ ስም፦ ቨርሊን ስቶክስ
ጾታ፦ ሴት
ዕድሜ፦ 54
አድራሻ፦ አላባማ፣ ሃስኪንስ ፎርድ ከተማ፣ ሚል ጎዳና
ሥራ፦ የስታዲየም ቀለም ቀቢ
ቀን፦ ሴፕቴምበር 7 ቀን 2019
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ፕሬስኮት ዊላርድ

ዝም የማለት መብት እንዳለኝ፣ የምናገረውም በፍርድ ቤት ማስረጃ ሊሆንብኝ እንደሚችል ከተነገረኝ በኋላ፣ ጠበቃ ሳልፈልግ በራሴ ፈቃድ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

በከተማችን ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ስታዲየም በቀለም ቀቢነት ስሠራ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ጨዋታ በሌለባቸው ወራት ዝገት እንፍቃለን፣ ብረቱን እንቀባለን፣ የመቀመጫ ቁጥሮችን እናድሳለን፤ ጨዋታ ሲደርስ ደግሞ የሜዳውን መስመር እናሰምራለን። ታናሽ ወንድሜ ኦዴል ስቶክስም አብሮኝ ይሠራ ነበር። የሁለታችንም አለቃ ዛሬ የግል ተበዳይ ነኝ ብሎ ያመለከተው ጋርላንድ ቲግ ነው።

ባለፈው ዓመት ኦገስት ወር መጨረሻ ላይ ኦዴል የላይኛው የተመልካች ፎቅ ግንባር ብረት ላይ ቆሞ እየቀባ ነበር። ከብረቱ በላይ የተወጠረ የደህንነት ገመድ አለ፤ ቀቢው የቀበቶውን መንጠቆ እሱ ላይ ሰቅሎ ነው የሚንቀሳቀሰው። የዚያን ቀን ጠዋት የቴሌቪዥን ሰዎች ካሜራ ሊሞክሩ መጡና ገመዱ ምስሉን አበላሸብን አሉ። ቲግ ገመዱን አስፈታው፤ ሥራውን ግን አላስቆመም። እኔ ከሥር፣ በታችኛው መቀመጫ በኩል ቁጥር እየቀባሁ ስለነበር የሚነጋገሩትን እሰማ ነበር። ኦዴል "ሚስተር ቲግ፣ መንጠቆዬን ምን ላይ ልስቀለው?" ሲል ጠየቀው። ቲግም "በጥርስህ ያዘው፤ እኔ ቅዳሜ ጨዋታ አለብኝ" ብሎት ሳቀ። ኦዴል መሳቅ ስለሚወድ አብሮት ሳቀ። ብረቱ ላይ የሌሊቱ ዝናብ ገና አልደረቀም ነበር። ጥቂት ቆይቶ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀና ስል ወንድሜ ብረቱ ላይ የለም። ያገኘሁት እኔው ነኝ፤ ያን ጠዋት ከቀባኋቸው መቀመጫዎች መሃል ወድቆ ነበር። ቀለሙ ስላልደረቀ ቁጥሩ ሸሚዙ ላይ ታትሞ ቀርቷል።

ከሰዓት በኋላ አጣሪዎች ሲመጡ ገመዱ ቦታው ተመልሶ ነበር። ቲግ ግን፣ ኦዴል ለካሜራው ልታይ ብሎ መንጠቆውን ፈትቶ ሲደንስ ወደቀ ብሎ ተናገረ። እኔ የሰማሁትን ብናገር ሐዘን ላይ ነሽ ተብዬ ሰሚ አጣሁ። ገመዱን ከቲግ ጋር ሆኖ የፈታው የሥራ ባልደረባችን ሮስኮ ማብሪም ተጠይቆ አላየሁም አለ።

ከዚያ ወዲህ ወንድሜ በከተማው ሲደንስ የሞተው ሰውዬ ሆነ። አንድ እሑድ ከጸሎት በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ የተጠበሰ ዓሣ እየበላን ሳለ አንዲት ሴት ለእናቴ ለኧርነስቲን "ያ ቀልደኛ ልጅሽ፣ ነፍሱን ይማርና፣ እስከ መጨረሻው አሳቀን" አለቻት። እናቴ ሳህኑን አስቀምጣ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም።

እኔ ሥራዬን አልለቀቅሁም። ጎረቤቶቼ "ሰውየውን በየቀኑ እንዴት ታዪዋለሽ?" ይሉኝ ነበር። ብለቅ አጠገቡ መቆም እንደማልችል ስለማውቅ ነው የቆየሁት። ሲያዘኝ እሺ እያልኩ ዓመቱን ሙሉ ቀኔን ጠብቄአለሁ።

ዛሬ፣ በጨዋታ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ የማርሽ ባንዱ ሜዳው ላይ ሲለማመድ፣ ከውጤት ሰሌዳው ሥር ካሉት ትልልቅ ፊደላት አንዱ ላይ ቀለም ተዝረክርኮ ታየ። የዩኒቨርሲቲው ኃላፊዎች ከእንግዶች ጋር ቆመው ስለነበር ቲግ እነሱ ፊት "ራሴ አስተካክለዋለሁ" አለና ረጅም የብረት ክንድ ባለው ማንሻ መኪና ቅርጫት ውስጥ ገባ። ቀበቶውን ከቅርጫቱ ጋር ያያያዝኩለት እኔ ነኝ፤ መንጠቆው መያዙንም ደጋግሜ ስቤ አረጋግጫለሁ። "ቨርሊን፣ ሕፃን አደረግሽኝ እንዴ?" አለኝ። እንዲሞት አልፈለግሁም። የሞተ ሰው አይናገርም።

ራሱ እያዘዘው ወጥቶ ፊደሉ ጋ ሲደርስ፣ ከታች መኪናው ላይ ያለውን ቁልፍ አዙሬ ነቀልኩት። ይህ ሲደረግ ቅርጫቱ ውስጥ ያለው ማዘዣ መሥራቱን ያቆማል። ቲግ ሠራተኛውና ጥበቃው ሁሉ በሚሰማው ሬዲዮ ጠራኝ።

"ይሄ ነገር አልታዘዝ አለኝ፤ አውርጂኝ።"

"ገመዱን ማን እንዳስፈታው ተናገርና አወርድሃለሁ" አልኩት።

"የምን ገመድ?"

"ኦዴል መንጠቆውን የሚሰቅልበትን።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ሰው እኮ ይሰማናል።"

"እንዲሰማ ነው።"

እስር ቤት እንደሚያስገባኝ ዛተብኝ። "አስገባኝ። እኔ ጊዜ አለኝ፤ ጨዋታ ያለብህ አንተ ነህ" አልኩት። ከዚያ ነፋሱ በረታ፤ ቅርጫቱ መወዛወዝ ጀመረ። ቲግ ቀለሙን ጥሎ የቅርጫቱን ብረት በሁለት እጁ አቀፈ። ጥበቃዎች እየሮጡ መጡ፤ ነገር ግን ሬዲዮው በእጃቸው ነበርና ቆመው ሰሙ። ቁልፉን ስጪ ያለኝ የለም።

"ቨርሊን፣ እባክሽ፣ በእግዚአብሔር" አለ። "እኔ ነኝ ያስፈታሁት። ለካሜራው ብዬ ነው። ከሞተ በኋላ መልሼ አሰርኩት።"

"ሲደንስ ነበር?"

"አልደነሰም። ሥራውን እየሠራ ነበር።"

ወዲያው ሌላ ድምፅ በሬዲዮው ገባ። "ሮስኮ ነኝ። እውነቱን ነው። አብሬው ፈትቼ አብሬው አስሬአለሁ" አለ።

ቀጥሎ ያለውን መርማሪው አልጠየቀኝም፤ እንዲጻፍልኝ ግን እፈልጋለሁ። ቲግ ይህን ሁሉ ተናግሮም አላወረድኩትም። እናቴ ጋ ደወልኩና ሬዲዮውን ስልኩ ላይ አስጠግቼ "ድገመው" አልኩት። እያለቀሰ ደገመው። ሲያለቅስ ደስ ብሎኛል። እናቴ ሰምታ ሲያበቃ "በቃ፣ አሁን አውርጂው" አለችኝ። በእኔ ቢሆን ጨዋታው እስኪያልቅ አላወርደውም ነበር። እናቴ ስላለችኝ አወረድኩት፤ ቁልፉንም በገዛ እጄ ለጥበቃዎቹ አስረክቤ ፖሊስ እስኪመጣ ቆሜ ጠብቄአለሁ።

ቃሌ ከመፈረሜ በፊት ተነቦልኛል። ሲነበብልኝ "ባደረግሁት ተጸጽቻለሁ" የሚል ገብቶበት ስለሰማሁ አሰርዤዋለሁ። የቀረው ሁሉ እኔ ያልኩትና እውነት ነው።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ ቨርሊን ስቶክስ
የመርማሪ ፊርማ፦ ሳጅን ፕ. ዊላርድ (ስለ ስርዙም ፈርሜአለሁ)