ሦስት ትንንሽ ጉርሻ

ከፒያሳ አራት ኪሎ በሚሄደው ታክሲ ከፊቴ የተቀመጠችው ወጣት ጉንጯን ይዛለች። አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ አላስቻላቸውም።

«ጥርስሽን ነው ልጄ?»

«አይ አባባ፣ መንጋጋዬን ነው። አፌን ስከፍት ቀጭ ይልና ያመኛል።»

«እዚህ ጆሮሽ ሥር?»

«በምን አወቁ?»

«እኔንም ይዞኝ ነበር። እዚሁ ፒያሳ ወርቅ ሠሪ ነኝ፤ ለካ ስሠራ ጥርሴን ነክሼ ነው የምውለው። ጥርስ መስሎኝ ደህናውን አስነቀልኩት!»

«ውይ! ከዚያስ?»

«ሐኪሟ ‹መገጣጠሚያው ነው› አለችኝ። ‹ከንፈርዎ ይገጠም እንጂ ጥርስዎ አይነካካ፣ ቆሎ ይተዉ፣ ሞቅ ያለ ፎጣ ይያዙበት፣ አፍዎን በሰፊው አይክፈቱ› ብላ መከረችኝ።»

«የኔም ጭንቀት እሱ ነው። ካገባሁ ገና ሁለት ሳምንቴ ነው፤ ዛሬ አማቴ ምሳ ጠርተውናል። የሳቸው ጉርሻ ደግሞ ቡጢ ያክላል። እምቢ ብል ይቀየሙኛል።»

«እምቢ አትበይ። ‹አሞኛል፣ ከፋፍለው ያጉርሱኝ› በያቸው። የኔዋ ባለቤት አንዱን ጉርሻ ለሦስት ትከፍለዋለች።»

«አይሰለቻቸውም?»

«ምን ይሰለቻታል! አርባ ዓመት ሙሉ አንዴ አጉርሳኝ ብድግ ነበር። አሁን እስከ ሦስተኛው ድረስ አጠገቤ ቁጭ ትላለች።»

«ታዲያ መንጋጋዎ አሁንም ያምዎታል?»

«ኧረ ከዳንኩ ቆየሁ። ለሷ ግን አልነገርኳትም።»

እኔም ለሚስቴ «ዛሬ ለምሳ አልመጣም» ልላት ያወጣሁትን ስልክ መልሼ ኪሴ ከተትኩት።