ጆሮዬ ያሳለፋቸው ሞተሮች

ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፣ ይህን ሁሉ ዓሣና የበርበሬ ድልህ፣ ሐሪሳውን፣ ያሰናዳችሁልኝ እጃችሁ ይባረክ። አለቃዬ ሲ ናጂ፣ አንተም የሲሊንደር ማስፊያ ማሽኑን አስቁመህ ሰው ስለሰበሰብክልኝ አመሰግናለሁ። በሠላሳ ስምንት ዓመት ይህ ማሽን በእኔ ምክንያት ሲቆም ዛሬ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን ማንም ስለማያነሳው እኔው ላንሳው።

እንደ አጎት "ዓሚ" የምትሉኝ ልጆች፣ "ዓሚ ቡጃማ ደክሞት ጡረታ ወጣ" ትላላችሁ አሉ። ኧረ አልደከመኝም። ደንግጬ ነው። ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም።

ፒስተን የበላው የአሮጌ ሞተር ሞኖብሎክ ሲሊንደር እስከ ምን ድረስ ይሰፋል? ይህን ስትጠይቁኝ ምን ነበር የምላችሁ? "መዶሻውን አቀብሉኝ።" ሲያንኳኩት ቀጭን ግድግዳ ይጮኻል፣ ወፍራም ያጉረመርማል። በዚህ ባሕር ዳርቻ ከስፋክስ እስከ መህዲያ ያለ ዓሣ አጥማጅ "ቡጃማ ሰምቶታል" ከተባለ ሌላ አይጠይቅም ነበር። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ልቤ አብጦ ነበር።

የካፒቴን ሙንሲፍ የጀልባ ሞተር መጣ። ከዚያ በፊት ሁለቴ የሰፋ ነው። ሰውዬው ባሕር የሚወጣው ከሁለት ልጆቹ ጋር ነው። ባንኳኳው አጉረመረመ። "አንድ ሚሊሜትር ይችላል" አልኩና ማሽኑ ላይ አሰርኩት። ወጣቷ ባልደረባችን ራውዳ ያንን አልትራሳውንድ የውፍረት መለኪያዋን ይዛ መጥታ ልለካው አለችኝ።

"ልጄ፣ ይህ ብረት ነው፤ ነፍሰ ጡር አይደለም" አልኳት። ስቃችሁ ነበር፣ አትካዱ።

እሷ ማሽኑን አጠፋችው። እኔ ቆሜ! የማይሆን ነገር ተናገርኳት። እስክጨርስ ግድግዳውን ለክታ ኖሮ ቀስ ብላ፣ "ዓሚ፣ የቀረው ሁለት ሚሊሜትር ነው" አለችኝ።

ግድግዳው ከአራት ሚሊሜትር በታች ከሆነ አንነካም የምንለው እኛ አይደለንም? ውሸት ነው ብዬ በመጋዝ አስቆረጥኩት። ያየሁትን ለማንም አያሳይ። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የባሕር ውኃ ብረቱን ከጀርባ በልቶት፣ በቦታው ዝገትና ጨው ተጋግሮበታል። እንደ ወፍራም ብረት ሲያጉረመርም የሰማሁት እሱን ኖሯል።

ሙንሲፍ ሌላ ሞተር ገጠመ። ትናንት ይህን ዓሣ ይዞ መጥቶ ግንባሬን ሳመኝና፣ "ጆሮህ ልጆቼን አተረፈልኝ" አለኝ። ማን እንዲህ እንደነገረው አላውቅም። እኔ ግን እውነቱን ሳልነግረው ዓሣውን ተቀበልኩ። አያችሁ? ከሞተሩ ይልቅ ያስደነገጠኝ ይህ አለመናገሬ ነው።

እንቅልፍ አጥቼ ጻፍኩ። በጆሮዬ ያሳለፍኳቸው ሃያ ሦስት ጀልባዎች ዛሬም ባሕር ላይ ናቸው። ዝርዝሩ እነሆ። ከራውዳ ጋር ነገ ወደቡ ላይ ቀጠሮ አለን፤ እሷ ትለካለች፣ እኔ ለየባለቤቱ እንዳልለካሁት እነግራለሁ። ከሙንሲፍ ነው የምጀምረው።

አላህ እጃችሁን ከማሽን፣ ልባችሁን ከኩራት ይጠብቅ። ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ፤ የምትጠግኑትን የሚነዳው ሁሉ ቤቱ ይግባ። እነዚያን ሃያ ሦስቱንም እስክንደርስባቸው ድረስ እሱ ያቆይልን። አሁን ብሉ። እኔ ግን ይህን ዓሣ የምበላው ለሙንሲፍ እውነቱን ከነገርኩ በኋላ ነው።